ለማይበላው በሬ ጉርሻ

ሰኔ ገብቷል። መሬቱ ረጥቧል፣ ቀንበሩ ተጠግኗል፣ ዘሩ ተበጥሮ ተቀምጧል። በሬው ግን ያቀረቡለትን ገለባ አሽትቶ አንገቱን ያዞራል። ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ከንፈሩን እያጮኸ ያላምጣል፣ የሚያላምጠው ግን የለም። አፉን ከፍቶ ላየው ሰው ምላሱ ተልጧል፣ ድዱ ቀልቷል። አፍተግር ነው። ሐኪም ይጠራል፣ መርፌ ይወጋል፣ ሒሳብ ይከፈላል፤ የቀረው "እግዜር ያውቃል" ተብሎ ይተዋል። ሦስት አራት ቀን ያልበላና ያልጠጣ በሬ ይተኛል፤ ሲነሳም ይንገዳገዳል። ዝናቡ ደግሞ አይጠብቀውም።

አፍተግር ጎልማሳ ከብትን እምብዛም አይገድልም። የአፍ ቁስሉ በአንድ ወይ በሁለት ሳምንት ይሽራል። ጥያቄው እነዚያ ሳምንታት እንዴት ይታለፉ የሚለው ነው። በሬው ከበሽታው ተርፎ ክረምቱን ሙሉ ቀንበር መሸከም ሲያቅተው፣ ላሟ ድና ወተቷ ሳይመለስ ሲቀር፣ ጥጃዋ የምትጠባው ስታጣ የበሽታው እጅ አለበት፤ የረሃቡና የጥሙም እጅ አለበት። በሽታውን የሚያቆመው ክትባትና የከብት እንቅስቃሴን መግታት ነው፤ እሱ የራሱ ትግል አለው። ረሃቡን ግን እኛው ማቆም እንችላለን። ባልዲ አለን፣ ፉርሽካ አለን፣ ጨው አለን፣ ጎረቤት አለን።

ስለዚህ ለቀበሌ ነዋሪዎች፣ ለዕድር ዳኞች፣ ለወተት ማኅበራት፣ ለቄራ ሠራተኞች፣ ለእንስሳት ሐኪሞችና ለረዳቶቻቸው የማቀርበው ጥሪ አንድ ነው። አፉ የቆሰለ፣ መንጋጋው የተጎዳ፣ ወልዳ የወደቀች፣ ድርቅ አድክሞት ራሱን ችሎ መብላት ያቃተው ከብት እስኪያገግም ድረስ የሚያበላው የሠለጠነ እጅና ንጹህ ዕቃ በየቀበሌው በጋራ እናቋቁም። ዕቃው ጥቂት ነው፦ ለስላሳና ረጅም የጎማ ቱቦ፣ ከብቱ ቱቦውን እንዳይነክሰው በአፉ የሚገባ መያዣ፣ በእጅ የሚሠራ ፓምፕ ወይም አፈ ሰፊ ማፍሰሻ፣ ሁለት ባልዲ፣ ማጥለያ። ይህ ሁሉ ተደምሮ የአንድ በሬ ዋጋ አጠገብ አይደርስም።

መረዳዳትን ለገበሬው የሚያስተምረው የለም። አንድ በሬ ያለው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። አረም ሲበዛ ደቦ፣ አጨዳ ሲደርስ ወንፈል አለ። በቦረና ከብቱ ያለቀበትን ሰው ወገኑ አዋጥቶ ዳግም ባለ ከብት የሚያደርግበት ቡሳ ጎኖፋ አለ። በሬ ገደል ገብቶ እግሩ ሲሰበር እንኳ መንደሩ ይሰበሰባል፤ በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፋፈላል፣ የተዋጣው ገንዘብ ለባለቤቱ ሌላ በሬ መግዣ ይሆናል። ከቢላዋ በኋላ የምንካፈልበት ሥርዓት የተሟላ ነው። በሕይወት ላለውና መብላት ላቃተው በሬ ግን ምንም የለንም። ባለቤቱ በረት ጥግ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ጎረቤት ብቅ ብሎ "እንዴት አደረ?" ይላል፣ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። በመቀናጆ ለሚያርሱ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም፤ አንድ በሬ ሲተኛ የሁለት ቤት እርሻ ይቆማል። አገራችን ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አላት፤ በአፍሪካ ቀዳሚዋ ናት። ይህን ያህል ከብት ያለው ሕዝብ ለታመመ ከብት ማብያ ቱቦ በቀበሌው የሌለው ለምንድን ነው?

አንዱ ምክንያት የከብት ሆድ እንዴት እንደሚሠራ በወጉ ስላልተነገረን ይመስለኛል። የትልቅ የወተት ላም ጨጓራ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። የአገራችን ከብት ከዚያ ያነሰ ይይዛል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። በዚያ ሙቅ ጨለማ ውስጥ ባክቴሪያዎች፣ ፕሮቶዞዋዎችና ፈንገሶች ይኖራሉ፤ በአንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ብቻ በቢሊዮን ይቆጠራሉ። ገለባውን የሚያፈራርሱት እነሱ ናቸው። ላሟ በራሷ ገለባ የመፍጨት አቅም የላትም። እነሱ ከገለባው ከሚያወጡት አሲድ ጉልበቷን ታገኛለች፤ እነሱ ራሳቸው ደግሞ ሽንፍላን አልፈው ወደ ታች ሲወርዱ ተፈጭተው የፕሮቲን ምግቧ ይሆናሉ። አሲዱ እንዳይበዛ የሚያበርደው ምራቋ ነው። ትልቅ ላም በቀን 100 ሊትርና ከዚያም በላይ ምራቅ ታመነጫለች፤ እያመሰኳች ትውጠዋለች። አፍተግር የያዘው ከብት ደጅ ቆሞ መሬት ላይ የሚያዝረበርበው ይህንኑ ምራቅ ነው፤ ከምራቁ ጋር ውሃና ጨው ይወጣል።

ከብቱ መብላት ሲያቆም ቀድመው የሚራቡት በውስጡ ያሉት ናቸው። ቁጥራቸው ይመናመናል፤ ፕሮቶዞዋዎቹ ቶሎ ያልቃሉ። በደቂቃ አንዴ ሁለቴ የሚኮማተረው ጨጓራ ይደክማል፣ ማመስኳት ይቆማል፣ በግራ ጎን ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ያለው ስርጉድ እየጎደጎደ ይሄዳል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ከብት የአፉ ቁስል ቢድን እንኳ ምግብ አያምረውም። ቢበላም የሚያፈርስለት የለም። እናቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እርሾ በሞተበት ቤት ዱቄቱ ቢለወስም አይቦካም። መፍትሔውንም ያውቁታል፤ ጎረቤት ሄዶ እርሾ መለመን ነው።

ለከብትም እርሾ አለው። የምንጥለው ፈርስ ውስጥ ነው ያለው።

ከጤነኛ ከብት ጨጓራ ትኩስ ፈርስ ተወስዶ በንጹህ ሻሽ ይጨመቃል፤ ፈሳሹ መብላት ላቆመው ከብት በቱቦ ይሰጣል። ለጎልማሳ ከብት ቢያንስ 3 ሊትር ያስፈልጋል፤ ከ8 እስከ 16 ሊትር ከተገኘ ደግሞ ውጤቱ ይበልጣል። ለበግና ለፍየል 1 ሊትር ገደማ ይበቃል። በማግስቱ ቢደገም ይጠቅማል። ይህ የትናንት ግኝት እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ ገበሬዎች ከጤነኛ ላም አፍ ማመስኳቷን ቀምተው ለታመመችው ማጉረስ ከጀመሩ ከ200 ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬም በእንስሳት ሕክምና መማሪያዎች ውስጥ አለ፤ የኛዎቹም ሐኪሞች ኮሌጅ ሳሉ ተምረውታል። ከክፍል ወጥቶ በረት ያልገባው ፈሳሹን የሚያቀርብና ቱቦውን የሚይዝ ሰው ስላልተደራጀ ነው።

አሁን እስቲ አስቡት። አዲስ አበባ ቄራ፣ ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች፣ በየወረዳው ከተማ ያሉት ትናንሽ ማረጃዎች በየቀኑ ይህን ፈሳሽ ምን ያደርጉታል? ይጥሉታል። ጥለውትም የወንዝና የሰፈር ሽታ ይሆናል። ለበዓል ደግሞ ቅርጫ አለ። በፋሲካ በአንድ ሰፈር ስንት በሬ እንደሚታረድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ሥጋው በሚዛን ይደለደላል፣ ቆዳው ይሸጣል፣ ፈርሱ ጉድጓድ ይገባል። ሁለት አጥር አልፎ ግን ወልዳ የወደቀች፣ ለቀናት ያልበላች ላም ትኖር ይሆናል። የቅርጫው አባ ወራዎች ከመታረዱ በፊት "በሰፈሩ የማትበላ ላም ያለው አለ?" ብለው ቢጠይቁ፣ አንድ ጄሪካን ቢያቀርቡ፣ የሚጠፋባቸው ነገር የለም።

ይህን ሥራ ለመሥራት ጥንቃቄው ብዙ አይደለም፤ መዝለል ግን አይቻልም። ፈሳሹ ከታረደ ወዲያው፣ ትኩስ እንዳለ ይወሰድ። በውስጡ ያሉትን አየርና ብርድ ይገድላቸዋል፤ ስለዚህ ጄሪካኑ እስከ አፉ ይሞላ፣ ይከደን፣ በብርድ ልብስ ይጠቅለል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከብቱ ሆድ ይግባ። ለማግስቱ ተብሎ የተቀመጠ ፈሳሽ ከቆሻሻ ውሃ አይሻልም። የሚወሰደውም በሐኪም ታይቶ ጤነኛ ከተባለ ከብት ብቻ ይሁን። እህል በልቶ ሆዱ የጎመዘዘ ከብት ፈሳሽ ግራጫና ወተት መሰል ነው፤ አይሆንም። አፍተግር በገባበት አካባቢ ደግሞ ፈርስ ከመንደር ወደ መንደር ማዞር በሽታውን መሸከም ስለሚሆን ከዚያው በረት ካገገመ ወይም ከጤነኛ ከብት እንጂ ከሌላ ቦታ አይምጣ። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ሐኪሙን ግን መጥራት የኛ ነው።

ወደ ሐኪሞቹ ልምጣ። የሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ ናችሁና ሳልሸፋፍን ልናገር። ኦክሲቴትራሳይክሊን ቫይረስ አይገድልም። ቁስሉ ላይ ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይደረብ ይረዳ ይሆናል፤ ከብት ግን አያበላም። መርፌ ወግቶ "ለስላሳ ሣር ስጡት" ብሎ መሄድ ግማሽ ሥራ ነው። ምን ያህል ይጠጣ? በስንት ሰዓቱ? ማን ይሰጠዋል? መቼ ደውለው ይጠሯችሁ? ይህ በወረቀት ካልተጻፈ ሕክምናው አልተሰጠም ብዬ አምናለሁ። ገበሬው የሚከፍለው ለመርፌው ስለሆነ ለምክር ማን ይከፍላል የሚል መልስ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ዕድሩንና ማኅበሩን የምጠራው፤ ማብላትም እንደ መርፌው የሚከፈልበት ሥራ ይሁን።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ልማድ ይቁም። ከብት ሲታመም ጭንቅላቱን ወደ ሰማይ አንጋጠን፣ ምላሱን ጎትተን፣ በጠርሙስ እንግተዋለን። ምላሱ የተያዘ ከብት መዋጥ አይችልም፤ አንገቱ የተንጋጠጠ ከብት የሚፈስበትን ወደ ሳንባው ይስባል። ከዚያ ሳል ይመጣል፣ ትኩሳት ይመጣል፤ በአፍ ቁስል የማይሞተው በሬ በሳንባ ምች ይሞታል። ዘይት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። የግድ በጠርሙስ መስጠት ካስፈለገ ከብቱ የቆመ ይሁን፤ አፍንጫው ከዓይኑ ከፍታ አይለፍ፤ ምላሱ ይለቀቅ፤ በትንሽ በትንሹ በጉንጩ ጥግ ይፍሰስ፤ ካሳለ ወዲያው ይቁም። በጎኑ ለተዘረጋና መዋጥ ላቃተው ከብት በአፉ ምንም አይሰጥም። ይህን አንድ አንቀጽ ብቻ ለጎረቤታችሁ ብታነቡለት ከብት አዳናችሁ።

ቱቦ ከጠርሙስ የሚሻለው በሚያውቅ እጅ ሲሆን ነው። ከብቱ ቆሞ ወይም በደረቱ ተደግፎ ተኝቶ፣ በአፉ መያዣ ገብቶለት፣ ቱቦው በቀስታ ይሄዳል፤ ሲውጥ ይገፋል። ርዝመቱ አስቀድሞ ከአፉ እስከ መጨረሻው ጎድን ተለክቶ ምልክት ይደረግበታል። ወደ ምግብ ቧንቧ ሲገባ በግራ አንገቱ በኩል ሲያልፍ በእጅ ይዳሰሳል፤ ጨጓራ ሲደርስ የፈርስ ጠረን በቱቦው ይመጣል፤ አንዱ በቱቦው ሲነፋ ሌላው ጆሮውን በግራ ስርጉዱ ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ መንቆርቆሩ ይሰማል። ከብቱ ካሳለ ወይም በቱቦው በኩል እንደ ትንፋሹ አየር ከወጣና ከገባ ቱቦው የአየር ቧንቧ ውስጥ ገብቷል፤ ይመለስ። ይህን ለመማር ዲግሪ አያስፈልግም፤ ከሐኪም ጎን ቆሞ ደጋግሞ መሥራት ግን ያስፈልጋል። ከየቀበሌው ሁለት ሰው ይመረጥ ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው። ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን። በብዙ ቤት ላሟን የምታልባት፣ ጥጃውን የምታየው፣ "ዛሬ አላመሰኳችም" ብላ ቀድማ የምትናገረው እሷ ናት፤ ሥልጠና ሲመጣ ግን የሚጠራው ባሏ ነው።

ቱቦ ሳይነካ የሚሠራ ብዙ አለ፤ እንዲያውም ብዙው ከብት በዚያ ይድናል። አፉ የቆሰለ ከብት ገለባ አይችልም፤ እሾሃማ ድርቆሽ ይወጋዋል። ጥላ ሥር ይታሰር፤ ለጋ ሣር ታጭዶ በአጭር በአጭሩ ይከተፍለት፤ ፉርሽካ በለብታ ውሃ ረጥቦ እንደ ገንፎ ይቅረብለት፤ ንጹህ ውሃ አጠገቡ ይቀመጥ እንጂ ወንዝ ድረስ በቆሰለ ሰኮናው አይነዳ። አፉ በቀጭን የጨው ውሃ ይታጠብ፤ ደረቅ ጨው ቁስል ላይ ማሸት ግን ስቃይ ነው። በእጅ ጎረስ ጎረስ ማድረግ እንዲሁ ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። አንዳንዱ በሬ ጌታው ሲያጎርሰው ይጀምራል፤ ገበሬ ይህን አይቶታል።

አንድ ቀን ሙሉ ካልጠጣ ግን ቱቦው ይምጣ። መጀመሪያ ውሃና ጨው ነው፤ በ20 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 140 ግራም ያህል የምግብ ጨው ይሟሟል። ከብቱ አነስ ካለ 10 ሊትሩን ጠዋት፣ 10 ሊትሩን ማታ መክፈል ይሻላል። ቀጥሎ ምግቡ ነው፤ በደንብ ደቅቆ የተነፋ አልፋልፋ ወይም ጥሩ ድርቆሽ ከፉርሽካ ጋር፣ ለ10 ሊትር ውሃ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ፣ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ። ካልተነፋ ቱቦውን ይዘጋል፤ ይህን ያልሞከረው ሰው አያምንም። ጥቂት ሞላሰስ ጉልበት ይጨምርለታል፤ ወንጂ፣ መተሐራና ፊንጫ የሸንኮራ ፋብሪካዎች ያሏት አገር ይህን አታጣም። ልኩን በከብቱ ክብደት ሐኪሙ ያስተካክል። ከሁሉም ጋር እርሾው፣ ማለት የፈርሱ ፈሳሽ፣ ሲጨመር ጨጓራው ይነቃል፤ ማመስኳት መመለሷን የምታዩበት ቀን የቱቦው ሥራ ያለቀበት ቀን ነው።

ለሁሉም የማይበላ ከብት ግን ቱቦ መድኃኒት አይደለም፤ ይህን የማያውቅ በጎ አድራጊ ገዳይ ይሆናል። ሆዱ የተነፋ፣ ጨጓራው የተወጠረ ከብት ላይ 20 ሊትር መጨመር ማፈን ነው። እህል ሰርቆ በልቶ የታመመ ከብት ሌላ ሕክምና ያሻዋል። የከተማ ከብቶቻችን ጉዳይ ደግሞ የኛው እፍረት ነው፤ ቆሻሻ መጣያ ዳር ፌስታል እየዋጡ ጨጓራቸው በላስቲክ ይሞላል፣ ምግብ መግቢያ ያጣል። ያን ከብት ቀዶ ሕክምና እንጂ የፉርሽካ ውሃ አያድነውም። ፌስታሉን የጣልነው እኛ ነን፤ ዕድሩ ለከብት ሲሰበሰብ የቆሻሻውንም ነገር ያንሳ።

ለድርቅ ቀጠናዎች ሌላ ቃል አለኝ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ ክልል ዝናብ በተከታታይ ለአምስት ወቅት ቀርቶ ከብት በሚሊዮን አለቀ። ከእንዲህ ያለ ድርቅ የተረፉትንም ርዳታ ሲደርስ የሚገድላቸው ነገር አለ፦ ጥድፊያ። ለሳምንታት የተራበ ከብት ፊት በቆሎ ወይም ስንዴ ሲዘረገፍለት ይበላል፤ ጨጓራው በአሲድ ይቃጠላል፤ በልቶ ይሞታል። ዩሪያ የተቀላቀለ መኖም ለደከመ ከብት መርዝ ሊሆን ይችላል። የተራበ ከብት መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ድርቆሽ፣ ከዚያ በቀናት ውስጥ ቀስ እየተባለ የተሻለ ምግብ ነው የሚሰጠው። የወደቀውን ደግሞ በቀን ደጋግሞ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ በአንድ ጎኑ የዋለ ከብት ጡንቻው ሞቶ ጠግቦም አይነሳም። አምስት ጎልማሶችና አንድ ጠንካራ ማንሻ ገመድ ለዚህ ይበቃሉ፤ አንድ አባ ወራ ግን ብቻውን አይችለውም። መኖው ለሁሉም ካልበቃ ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ይወስኑ፤ የሚወልዱት ላሞችና ጊደሮች ይቅደሙ። ከባድ ፍርድ ነው፤ ሳይፈርዱ መቅረት ግን ሁሉንም ማጣት ነው።

የጋራ ዕቃ የጋራ በሽታም ያዘዋውራል። ቱቦው ከአንድ በረት ወደ ሌላ በረት ሳይታጠብ ከሄደ አፍተግርን የምናሠራጨው እኛው ነን። ሥርዓቱ የሚጸናው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፤ ቀጥሎ በሶዲየም ካርቦኔት ውሃ ይዘፍዘፍ፣ በ1 ሊትር ውሃ 40 ግራም ሆኖ። የአፍተግር ቫይረስ እንዲህ ያለውን አይችልም። ያጎረሰውም ሰው እጁንና ቡትሱን ሳያጥብ ሌላ በረት አይግባ። ያልታጠበ ዕቃ ያወጣ ይቀጣ፤ የዕድር ቅጣት ምን እንደሚሠራ ሁላችን እናውቃለን።

"ይህ ለኛ አገር ይከብዳል" የሚል ሰው ይኖራል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በወረደው ክፉ ቀን የደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ጠርጎ ሲያጠፋ አራሹ በሬ አጥቶ በዶማ ቆፍሯል፣ ሕዝብ በረሃብ አልቋል። ያ በሽታ እስከ ቅርብ ዘመን አልለቀቀንም። የመጨረሻው ወረርሽኝ በአገራችን በ1988 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ታየ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም በሙሉ ከበሽታው ነፃ መሆኑ ታወጀ። አፋር በረሃ ውስጥ ማቀዝቀዣ ሳይኖር፣ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ይዘው ከከብቱ ጋር እየተጓዙ የከተቡት ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞች ናቸው። መኪና የማይገባበት ቦታ በእግር ገብተዋል። ያን ያደረገ ሕዝብ ቱቦና ባልዲ ያቅተዋል ማለት አልችልም።

የቢሾፍቱ፣ የጎንደር፣ የጅማ፣ የሐዋሳና የሐረማያ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች ሆይ፣ ክረምት ወደ ቤታችሁ ስትገቡ በቀበሌያችሁ ሁለት ሰው ቱቦ አያያዝ አስተምሩ። ቄራዎች ሆይ፣ በዕርድ መስመራችሁ መጨረሻ አንድ ንጹህ በርሜልና አንድ ሰው መድቡ፤ ሐኪም ያየውን ከብት ፈሳሽ ጄሪካን ይዞ ለመጣ ማኅበር ስጡ፤ ለማስወገጃ የምታወጡት ወጪም ይቀንስላችኋል። የወተት ማኅበራት፣ ከእያንዳንዱ ሊትር ወተት ላይ ሳንቲም ለጋራ ዕቃው አስቀሩ፤ በዓመት ውስጥ አንዲት ላም ብትተርፍ ሁሉም ተመልሷል። የግብርና ባለሙያዎች፣ ሞዴል አርሶ አደር ስትመርጡ የጎረቤቱን ከብት ያዳነውንም ቁጠሩ።

የዕድሩ ስብሰባ በዚህ ወር አለ። ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ ይጻፈው፦ ቱቦውን ማን ይገዛል፣ ዕቃው በማን ቤት ይቀመጣል፣ የሚሠለጥኑት ሁለቱ እነማን ናቸው፣ ቄራውንና ሐኪሙን ማን ያነጋግራል። አራቱም ስም ሳይጻፍባቸው ዳኛው ስብሰባውን አይዝጋ።